ባዜቃ በብልቃጥ

በየኮስሞቲክስ መደብሩና በቴሌግራም ገበያው ፊት ያቀላሉ ተብለው ከሚቸበቸቡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ አያቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። ሜርኩሪ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፤ ፊቱም በእርግጥ ይቀላል። ችግሩ እዚያ አለመቆሙ ነው፤ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊት ይጎዳል፣ ነርቭ ያውካል። ክሬሙን ነክቶ የማያውቅ ሕፃን እንኳ ከእናቱ ፎጣና ትራስ፣ ከሚተነውም አየር ይደርሰዋል። በአንዳንዶቹ ክሬሞች የሚገኘው ስቴሮይድ ክሎቤታሶልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል።

ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ ከሚሊዮን አንድ እጅ ያልበለጠ ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ አልከለከለም ነበር። በ2023 ጄኔቫ ላይ ያ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበትን ማምረትም ሆነ ከአገር አገር ማዘዋወር አይፈቀድም።

«የቀይ ዳማ» ማለት ሙገሳ በሆነበት አገር ገዢዋን ብቻ መውቀስ ለእኛ ነውር ይመስለናል። ጥያቄያችን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፦ ከመደርደሪያ ናሙና እየወሰደ ይመርምር፣ ውጤቱን በምርቱ ስም ይፋ ያድርግ፣ የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈበትን ብልቃጥ ደግሞ ምርመራም ሳይጠብቅ ያስወርድ።