የገማቹ ክፍያና የቤቱ ዋጋ

ቤት የሚገምት ባለሙያ ክፍያው የግምቱ መቶኛ ሊሆን አይገባም። ደላላ በመቶኛ ይከፈለዋል፤ በሳዑዲ የድለላ ሕግ ተዋዋዮቹ በጽሑፍ ሌላ ካልተስማሙ ኮሚሽኑ ከሽያጩ 2.5 በመቶ ነው። ደላላ ግን ገበያው እንዲሰምር የሚደክም ሰው ነው። ገማች የሚከፈለው ማንም ይጠቀም ማንም ይጎዳ፣ የንብረቱን ዋጋ በትክክል እንዲናገር ነው።

በሳዑዲዎቹ ከተሞች በደማምና በኮባር የገማችነትን ሥራ የሚሠሩት በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ከተቋቋመው፣ «ተቅዪም» ከሚባለው የገማቾች ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኙ ናቸው። ባለሥልጣኑ የሚከተለው ዓለም አቀፉን የግመታ ደረጃ ነው።

ኮባር ውስጥ 1 ሚሊዮን ሪያል የሚያወጣ ቪላ 1.2 ሚሊዮን ተገመተ እንበል። ክፍያው 1 በመቶ ቢሆን ገማቹ በማጋነኑ የሚያተርፈው 2,000 ሪያል ነው። ለሳዑዲ ዜጋ የመጀመሪያ ቤት ግን እስከ 90 በመቶ ማበደር ስለተፈቀደ፣ በሌለ ዋጋ ላይ እስከ 180,000 ሪያል ዕዳ ሊቆለል ይችላል። ያን ዕዳ ለዓመታት የሚገፋው ቤተሰቡ ነው። አሜሪካ በ1980ዎቹ የቁጠባና ብድር ተቋማቷ ሲወድቁ ካየች በኋላ፣ የ1989 ሕጓ ገማቾችን በአንድ የሙያ ደረጃ አሰረ፤ ደረጃው ክፍያን ከግምቱ መጠን ጋር ማያያዝን ይከለክላል።

ክፍያ በድካም ልክ ቢለያይ ነውር የለውም። ደማም ወደብ አጠገብ ያለ መጋዘን ከአንድ አፓርታማ የበለጠ ልኬትና ሰነድ ይጠይቃል። ክፍያው ግን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይቆረጥ፤ ብድሩ ቢከለከልም ይከፈል። ሥራውን ላመጣለት ሰው ገማቹ ኮሚሽን ከሰጠም በግልጽ ይናገር።

ከመቶኛው ይልቅ የሚያሰጋው ዝምተኛው ጫና ነው። ግምቱ ያነሰበት ደንበኛ ቀጣዩን ሥራ ለሌላ ገማች ይሰጣል፤ በርካሽ የተጫረተ ገማች ደግሞ ቤቱን ሳያይ ከቢሮው ይገምታል። በኢትዮጵያ ደግሞ ባንኮች መያዣን በራሳቸው መሐንዲሶች ያስገምታሉ። ደመወዝተኛ መቶኛ የለበትም፤ ብድር እንዲሰጥ የሚቸኩል አለቃ ግን ሊኖርበት ይችላል።

በሳዑዲም ሆነ በኢትዮጵያ ቤት የሚያስገምት ሰው ክፍያው አስቀድሞ በቁርጥ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። በመቶኛ ልሥራልህ የሚል ገማች ካጋጠመው ሌላ ይፈልግ።