ቁርጡ ይታወቅ

በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ እንሥራ የሚሉ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። ሐሳባቸው የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ንድፋቸውን የሚጀምሩት ከአዝራሩ ቀለምና ከመሥሪያ ገጹ ውበት ነው። በእኔ አስተያየት አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ፊልሙ የት ይቀመጥ? የሚለው ነው።

በርከት ያሉ ማቀናበሪያዎች «በመጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሰርቨር ላኩ» ይላሉ። እስቲ እናስላው። በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በ10 ደቂቃ 3.75 ጊጋባይት ይሞላል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህን ለመላክ ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ፣ መስመሩም ካልተቋረጠ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለባለጸጋ እንጂ ለተማሪ የተሠራ አይደለም።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። በሴሉሎይድ ፊልም ዘመን አቀናባሪው ዋናውን ነጋቲቭ አይነካም ነበር። በመሥሪያ ቅጂው ላይ ሲቆርጥና ሲቀጥል ቆይቶ፣ በመጨረሻ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለው ቁጥር እየታየ ነጋቲቩ በዚያው ልክ ይቆረጣል። እንግዲህ ማቀናበር ማለት የውሳኔ ዝርዝር ነው፤ የትኛው ፋይል፣ ከየት፣ እስከ የት። 200 ቁርጥ ያለው ሥራ እንኳ በጥቂት ኪሎባይት ይያዛል።

ስለዚህ ዋናው ፊልም በተማሪው ኮምፒውተር ይቅር፤ በመስመር የሚሄደው ዝርዝሩ ይሁን። ብራውዘርም ለዚህ አቅም አያንሰውም። ዌብአሴምብሊ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በክሮም የጀመረው ዌብኮዴክስ ደግሞ የቪዲዮውን ምስሎች እዚያው ፈትቶ ለማሳየት ያስችላል።

«ጓደኛዬ አብሮኝ ሊያቀናብር ቢፈልግስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሆነ ደብዘዝ ያለ ቅጂ ይላክለት፤ ለ10 ደቂቃው ፊልም በዚያው መስመር 5 ደቂቃ ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ያለቀውን ፊልም ማውጣት ደካማ ኮምፒውተርን ለረጅም ሰዓት ያደክማል። ቢሆንም ይህ ሥራ ያለ ኢንተርኔት፣ እኛ ተኝተን ሊከናወን ይችላል።

የአርት ፋኩልቲ ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ነው ብለን ዳር አንቁም። በመሣሪያው የምንቆርጠውና የምንቀጥለው እኛም ነን። ከነዳፊዎቹ ጋር እንቀመጥና እንዲህ ብለን እንጠይቃቸው፤ አዝራሩን ከመሳላችሁ በፊት ቁርጡን ንገሩን፣ ፊልማችን በእጃችን ይቀራል ወይስ አይቀርም?