«ይቀመጡ» ማለት አክብሮት አይደለም!

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ አንድ ሠርግ ቤት ግቡ። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ አምስት እጅ ትከሻቸው ላይ ያርፋል። «ኧረ በማርያም ይቀመጡ! እኛ እያለን?» ውሃው ይመጣላቸዋል፤ ሳህኑ ይነሣላቸዋል። እሳቸው ይመርቃሉ፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። እኔ ግን ሁላችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁትን በአደባባይ ልበለው፤ ይህ አክብሮት ሰው ያሽመደምዳል።

ትናንት ገበያ ወርደው ይመለሱ የነበሩ እናት ዛሬ ደጅ ለመውጣት ሰው ይጠራሉ። «ሪህ ነው፣ ብርድ ነው፣ እርጅና ነው» እንላለን። ያስቀመጥናቸው እኛ መሆናችንንስ ማን ይናገር?

የጉልበት አጥንቶችን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከሚመላለሰው ፈሳሽ ነው። መቀመጥ ሲበዛ የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙ ይብሳል። ሲብስስ ምን እንላለን? «ይቀመጡ!»

ከዚያ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፊናክ ይገዛል። ያለ ማዘዣ፣ ለሳምንት፣ ለወር፣ ለዓመት። ጨጓራ ይጎዳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ይህን ስንገዛላቸው ማናችንም አናፍርም። እኚሁ እናት የወንበር መደገፊያ ይዘው አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ቢሉ ግን «ሰው ምን ይላል?» እንላለን። ሰው ምን ይበል? ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር የሚያነሣቸው ይህ «ሰው» ነው?

በሯጮቻችን ስንኮራ ግን አንደኛ ነን! አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ዘግታ ሕዝቡን ለስፖርት አስወጣች። እሰየው። ግን ማስ ስፖርት በተባለ ቁጥር መድረኩ ላይ ያለው ጎረምሳ «ዝለሉ! ዝለሉ!» ይላል። ጉልበቱ የታመመው ምን ይሁን? ዳር ቆሞ ያጨብጭብ? ስፖርት ዝላይ ብቻ ነው ብሎ ማን ደነገገ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛንና ጥንካሬ የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምራል። የሽማግሌ ቱታ ያስቃል የሚል አንቀጽ የለውም።

«ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ምን ስፖርት ያሻዋል?» ትሉኛላችሁ። ሸክም ተሸክሞ ዳገት መውጣት መገጣጠሚያ ያደክማል። ለደከመው መገጣጠሚያ የሚበጀው ቀስ ያለ፣ የማያናጋ፣ በየቀኑ የሚደገም እንቅስቃሴ ነው። ያበጠ፣ የቀላና የሚያቃጥል ጉልበት ግን በቅድሚያ ሐኪም ይየው።

የአምቦ ሰውስ ምን ሰበብ አለው? ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየተነዳ የሚመጣው ለዚህችው ከተማ ውሃና መዋኛ አይደለም? እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው። የ75 ኪሎ እናት 25 ኪሎ ሆነው ይራመዳሉ! ዋና መቻል አያስፈልግም። የመዋኛው ጠርዝ ተይዞ ወዲያና ወዲህ መራመድ ይበቃል። ታዲያ መዋኛው ለምን የጎረምሳና የእንግዳ ብቻ ይሆናል? በሳምንት ሁለት ጠዋት ለአረጋውያን፣ አንዱ ለሴቶች ብቻ፣ ቀሚስና ሻሽ እንደለበሱ የሚገቡበት ሰዓት ቢመደብ ማን ይጎዳል? ጤና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ «እንዲህ ይታጠፍ፣ እንዲህ ይዘርጋ» የሚል ወጣት ይጠፋል?

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ለተዝካር ሰንጋ የምንጥል፣ ድንኳን የምንተክል፣ ተበድረን የምንደግስ ሰዎች ነን። ወላጆቻችን በቁማቸው ሳሉ ግን ግማሽ ሰዓት አብረናቸው መራመድ አቃተን። ይህ ፍቅር ከሆነ ጭካኔ ምን ሊባል ነው?