ፊቱ ክፍት የቺዝ ሳንድዊች፣ ያለ ኦቨን

ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እራት እስኪደርስ የሚያቆያቸው መክሰስ ይፈልጋሉ። ትኩስ የቺዝ ሳንድዊች ግን ኦቨን የሚፈልግ፣ ቺዝም የሚፈጅ የካፌ ምግብ ይመስለናል። ክዳን ያለው መጥበሻ ይበቃል። ዳቦው አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ትንሹም ቺዝ በደንብ ይቀመሳል።

ወጪው ያለው ቺዙ ላይ ነው። ሞዛሬላ ሲሳብ ያምራል፣ ጣዕሙ ግን ስስ ነው። ፕሮቮሎን ወይም ጎውዳ በትንሹ ይበቃል፤ እኔ ከሞዛሬላው ጋር ግማሽ በግማሽ እቀላቅላለሁ። ማሸጊያው ላይ ያለውን የሚያምር ፒዛ ተዉትና (ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፣ ፎቶው ለምን እንደተቀመጠ አውቃለሁ) ጀርባውን አንብቡ። በወተት ስብ ፈንታ የአትክልት ዘይት ከተጻፈ የምትገዙት ቺዝ መሰል ነገር ነው።

አይብስ? ከአሬራ በሙቀት ተለይቶ የወጣ ስለሆነ ዳግመኛ ቢሞቅ አይቀልጥም፤ ይደርቃል። ከሥር በስሱ ቀብቶ በላዩ ቺዝ መነስነስ ግን ይጣፍጣል፣ ይቆጥባልም።

የፉርኖ ዳቦ በአንድ ጣት ውፍረት ቁረጡ፤ ያደረ ቢሆን ይመረጣል። አንዱን ፊት የገበታ ቅቤ ቀብታችሁ በመካከለኛ እሳት ቀላ እስኪል ጥበሱት። ከዚያ ገልብጡትና ቺዙን በተጠበሰው ፊት ላይ ነስንሱ። ይህን አትዝለሉት፤ ቺዝ ባልተጠበሰ ዳቦ ላይ ሲቀልጥ ዳቦው ይርሳል። ለአንድ ቁራጭ 30 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ ይበቃል። እሳቱን ቀንሱና ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ክደኑት። እሳት ከበዛበት ሥሩ ያርራል፣ ቺዙም ዘይቱን ተፍቶ እንደ ማስቲካ ይሆናል። ቲማቲም የምትጨምሩ ከሆነ ፍሬውንና ውኃውን አውጡ። ቃሪያው ለአዋቂዎች፣ ከወረደ በኋላ።

የሚበላው ሰው ሲበዛስ? አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጣችሁ አንድ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት አማስሉበት፤ ግማሽ ኩባያ ወተት ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሲወፍር አውርዱትና 60 ግራም ቺዝ ጨምሩበት፤ ለ4 ቁራጭ ይበቃል። ዌልሽ ሬርቢት የሚባለው የብሪታንያ የቺዝ ቶስት የዚህ ዘመድ ነው፤ እነሱ ብዙ ጊዜ ቢራና ሰናፍጭ ይጨምሩበታል። ሰናፍጩን ሞክሩት።

ምሳ ዕቃ ውስጥ ግን አትክተቱት፤ ሲቀዘቅዝ ቺዙ ይጠጥራል፣ ዳቦውም ይላላል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት ደግሞ ዳቦውን በዘይት ጠብሳችሁ አቮካዶ በሎሚ አድርጉበት።