ስለ ዋሻ ድንጋይና ስለ ዝናም መዝገብ

ዝናም በጠፋ ዓመት ሽማግሌ ተጠርቶ «እንዲህ ያለ ድርቅ ከዚህ በፊት ታይቷልን?» ተብሎ ይጠየቃል። የሽማግሌ ትዝታ ግን ከሰባና ከሰማንያ ዓመት አያልፍም። ከዚህ ለሚርቀው ዘመን ምስክር የሚሆን ድንጋይ በዋሻ ውስጥ እንዳለ ሊቃውንት ደርሰውበታል።

የዝናም ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ የኖራውን ድንጋይ ያሟሟል። ከዋሻው ጣራ በተንጠባጠበ ጊዜም ኖራውን ከወለሉ ላይ ይተዋል፤ ይኸውም እየተደራረበ ሻማ መስሎ ወደ ላይ ያድጋል። ስሙን ስታላግማይት ይሉታል። ዕድሜው በውስጡ ያለው ዩራኒየም ወደ ቶሪየም በተለወጠው መጠን ይታወቃል፤ የዝናሙም ነገር በከባዱና በቀላሉ ኦክሲጅን ልክ ይመረመራል። ብቻ ቀጭን ድርብርብ ሁሉ ድርቅ ነው ብሎ መቸኰል አይገባም፤ የዋሻው ጠባይ ያሳስታልና።

በቻይና አገር ዳዩ በሚባለው ዋሻ የሆነው ነገር ግን ለአገር ገዥ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ከ1520 እስከ 1920 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሰዎች በድርቅ ጊዜ ውሃ ለመቅዳትና ዝናም ለመለመን እየገቡ ዘመኑን ከግድግዳው ላይ ጽፈዋል። በ1891 የአገሩ ሹም ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አስከትሎ ገብቶ ነበር። በ2015 የዋሻው ድንጋይ ምርመራ በታተመ ጊዜ በተጻፉት የድርቅ ዓመታት ከባዱ ኦክሲጅን በዝቶ ስለ ተገኘ፥ የድንጋዩ ቃል በሁለተኛ ምስክር ጸና። ሹሙ ዝናም ማዝነም አልቻለም፤ ቀኑ በመጻፉ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ለመጡት ጠቀመ።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ክፉ ቀን ነበረ። ስለ ከብቱ እልቂትና ስለ ረኃቡ ብዙ ተነግሯል፤ በየወረዳው የዘነመው ግን ተለክቶ አልተጻፈም። በሐረርጌ በመቻራ አካባቢ ካሉት ዋሻዎች የተወሰደው ድንጋይ የየዓመቱ ድርብርብ ታይቶበታል፤ ስለዚህ ለጌጥ ብሎ እንዲህ ያለውን ድንጋይ የሚሰብር ሰው መዝገብ እንዳቃጠለ ይቈጠር። ዋሻ ያለበት ወረዳ ሹምም ሊያስጠብቀው ይገባል።

«ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው እንጂ የሹም አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ሊቅ ለጥቂት ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ ዓመቱን ሁሉ በወረዳው የሚቀመጡት ሹሙና ጸሐፊው፥ ባለ እርሻውም ናቸው። የዝናም መለኪያ ባለበት በየጧቱ ልኩ ይጻፍ፤ በሌለበትም ዝናም የጣለበትና ያቋረጠበት ቀን ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። መዝገቡም በሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ ከወረዳው ይቅር።