ቫን ወይስ ደብል ጋቢና? የምዕራብ ጎጃም መንገድ የሚያስከፍለው ዋጋ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ቢሮ ያለው አንድ ድርጅት መኪና ሊገዛ ተነሳ እንበል። በጀቱ የሚበቃው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። የንብረት ክፍሉ ዝግ የናፍጣ ቫን ይገዛ ይላል። የመስክ ሠራተኞቹ በበኩላቸው «ክረምት ላይ ከጭቃ ማን ያወጣናል?» በማለት ፎር ዊል ፒካፕ ይጠይቃሉ። ሥራ አስኪያጁም ፒካፑን ይደግፋሉ፤ እርሳቸው የሚያስቡት ግን ደብል ጋቢናውን ነው። እንዲህ ያለው ክርክር እንዴት እንደሚያልቅ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን።

ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ጉዳይ ቢመስልም እንደዚያ አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በጤና ተቋም፣ በርዳታ ድርጅትና በነጋዴ ዘንድ የሚደረገው ይህ ምርጫ ማዳበሪያው፣ ክትባቱና በርበሬው በሰዓቱ መድረስ አለመድረሱን ይወስናል። ከዚህም በላይ ስለ አካባቢው መንገድና ሰላም ብዙ ይነግረናል።

አስፋልቱ እስከየት ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ዓባይን በህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ የሚመጣው ዋና መንገድ ደምበጫን፣ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ በማንኩሳ በኩል ቡሬ ይገባል። ከቡሬ አንዱ ቅርንጫፍ በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን መልሶ ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚህ ቦታ የተመረጠለት ያለምክንያት አይደለም። በዚህ መስመር ላይ ለሚመላለስ መኪና አራቱም ጎማ መንዳቱ አንዳች ጥቅም የለውም። እንዲያውም ተራ የፒካፕ ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ ከተያዘ ጎማውንና የማስተላለፊያ ክፍሉን ይጎዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ሲወጣ ነው። ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ሰከላና ወደ ወንበርማ የገጠር ቀበሌዎች የሚያስገባው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር። ብዙ መንገድ መከፈቱ አይካድም። ይሁን እንጂ የፒስታ መንገድ ዕድሜው የሚወሰነው በውኃ መውረጃ ቦዩ፣ በድልድዩና በየዓመቱ ጥገናው ነው። አንድ ወንዝ ያለ ድልድይ ከቀረ 20 ኪሎ ሜትር የተሠራ መንገድ ለሦስት ወር ዋጋ ያጣል። እዚያ ላይ የኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳው ቫን ይቆማል፤ ከፍ ያለውና ከባድ ማርሽ ያለው ፒካፕ ግን ሊያልፍ ይችላል። «ይችላል» ማለታችን ይሰመርበት። የሞላ ወንዝ ለፎር ዊልም አይበገርም።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው ፒካፕ ከቫን የበለጠ ይጭናል ብሎ ያስባል። በክብደት ሲታይ የሃይኤስ ዓይነቱ ቫንም ሆነ ሃይሉክስ ፒካፕ በግምት አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ያህል ነው የሚሸከሙት። ልዩነቱ ያለው በቦታው ስፋት ላይ ነው። የቫኑ ዕቃ መጫኛ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ዝግ ክፍል ነው። የደብል ጋቢና መጫኛ ግን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የቀረውን የያዘው ወንበር ነው። በርበሬ፣ የመድኃኒት ካርቶንና የችግኝ ሣጥን ደግሞ ቀላል ሆነው ቦታ የሚፈጁ ዕቃዎች ናቸው። በሸራ የተሸፈነ ክፍት መጫኛ ዝናቡን፣ ፀሐዩንና እጀ ረጅሙን ምን ያህል እንደሚከላከል ለአንባቢ እንተወዋለን።

ከቡሬ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብንይዝ 30 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ናፍጣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሊትር 49 ብር ግድም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 99 ብር ያህል ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በ99 ብሩ እንኳ ብናሰላው አንድ ምልልስ ወደ 3,000 ብር ይጠጋል። ቫኑ በአንድ ጊዜ የሚያደርሰውን ደብል ጋቢናው በሁለት ጊዜ ካደረሰው ወጪው እጥፍ ነው፤ የሾፌሩ አበልና የጎማው ማለቅ ሳይቆጠር። ስለዚህ የወጪ ልዩነቱን የሚያመጣው የሞተሩ ናፍጣ አፈጃጀም ብቻ አይደለም፤ የምልልሱም ብዛት ነው።

የመግዣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ግብሩን አክብዷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ፎር ዊል ማለት ደግሞ ተጨማሪ ካምቢዮ፣ ተጨማሪ ዲፈረንሻል፣ ተጨማሪ መለዋወጫ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ማደያ ሲደርቅ ሁሉም ወደ ጄሪካን ናፍጣ ይሮጣል። ውኃና ቆሻሻ የተቀላቀለበትን ናፍጣ የቀድሞው ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ሞተር በመጠኑ ይታገሠዋል። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ግን ኖዝሉን ያቃጥላል። ጥገናው ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እንግዲህ ቫን ይሁን ፒካፕ፣ ስለ ሞተሩ ዓይነት መጠየቅ ስለ ጎማው ከመጠየቅ አያንስም።

ፒካፕ በግጭት ዘመን

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ ምርጫ ሌላ መልክ ይዟል። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነው ፍኖተ ሰላም ራሷ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የአየር ጥቃት ደርሶባት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናግረው ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ኬላ ይበዛል።

በጦርነት አካባቢ ተዋጊ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ተሽከርካሪ ፎር ዊል ፒካፕ መሆኑ የዓለም ልምድ ነው። በ1979 ዓ.ም. ቻድ የሊቢያን ጦር ያሸነፈችበት ውጊያ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ የቀረውም በእነዚሁ መኪኖች ምክንያት ነው። በመሆኑም ለጭቃው ሲባል የተገዛው መኪና በሌላ በኩል አደጋ ሊጠራ ይችላል። የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ የጦርነትና የሁከት ጉዳትን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ሽፋኑ ለብቻው የሚገዛ ነው። ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መልሱ ካለፈው ዓመት የጉዞ መዝገብ ይጀምራል። የመኪናውን ጉዞ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ቫን ፈጽሞ ሊደርስባቸው የማይችሉትን መለየት ነው። ከመቶው ሃያ ቢሆኑ፣ ቫን ገዝቶ ለሃያዎቹ ፒካፕ መከራየት ወይም ከጎረቤት ተቋም ጋር መጋራት ያዋጣል። የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር ጋሪና በቅሎ ዛሬም እየሠሩት ነው። ሰማንያ ከሆኑ ግን ፎር ዊል ይገዛ፤ እሱም ሲንግል ጋቢና ይሁን፤ የዕቃው ቦታ ለወንበር አይሰጥ። አስቸኳይ ሕመምተኛና ክትባት የሚያመላልስ ግን በዚህ ሒሳብ አይመራም። ለእርሱ አንዷ ያልተደረሰባት ቀን ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

በአንድ አካባቢ የሚሠሩ ተቋማት ቢነጋገሩ፣ አንዱ ቫን ሌላው ፒካፕ ቢይዝ፣ «ሁለት ባላ ትከል» የሚለው የአባቶች ምክር በተግባር ይታይ ነበር። የምናየው ግን ሁሉም ደብል ጋቢና ሲገዛ ነው። መድኃኒቱ መጋዘን ተቀምጦ መኪናው ባሕር ዳር ስብሰባ የሚውልበት አጋጣሚም እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን የክልሉም ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ሊያየው የሚገባ ሒሳብ አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ለፎር ዊል የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ላልተሠራ ድልድይና ላልተጠገነ ቦይ የሚከፈል ግብር ነው። ገንዘቡ በየዓመቱ ይከፈላል፤ ድልድዩ ግን አይሠራበትም። ፒካፕ የማይገዛው ገበሬ ደግሞ ድርሻውን የሚከፍለው ገበያ ሳይወጣ በሚበላሽ ምርቱ ነው።