ሳይጨመር የተጨመረ ኪራይ

ስለ ቤት ኪራይ በተነሣ ቁጥር በአዲስ አበባ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ገባ?» የሚል። በታክሲም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በለቅሶ ድንኳንም ሰው የሚጠያየቀው የብሩን መጠን ነው። በዚያ ብር የተያዘው ቤት ውኃ ይኑረው አይኑረው፣ አንዱ ቆጣሪ የስንት አባወራ ጭነት እንደ ተሸከመ፣ ሽንት ቤቱ ሲሞላ ማስመጠጫውን ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ደላላው የድለላውን ተቀብሎ ይሄዳል። አከራይ አያነሣም። ተከራይም ስንት ተንከራቶ ያገኘው ቤት በጥያቄ ብዛት እንዳያመልጠው ሰግቶ አፉን ይዘጋል። ነገሩ የሚነሣው ቧንቧው የደረቀ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ክርክሬ አጭር ነው። ኪራይ የሚጨመረው ብር በመጨመር ብቻ አይደለም፤ ቤቱን በማጉደልም ይጨመራል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ቤተሰብ ውኃ፣ መብራትና ሽንት ቤት ያለው ቤት በወር 8,000 ብር ተከራየ እንበል። ውኃውን ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ተቃጠለ። አከራይ «ነገ ሠራተኛ አመጣለሁ» ይላሉ፤ ነገ ግን ሲንከባለል ወር ይሆናል። ቤተሰቡ በቀን 4 ጀሪካን ውኃ፣ አንዱን ከነሸክሙ በ15 ብር ቢያስቀዳ በወር 1,800 ብር ያወጣል። ወሩ ሲሞላ ያችኑ 8,000 ብር ሳያጓድል ይቆጥራል። አከራይ አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም፤ የተከራዩ ወጪ ግን 9,800 ብር ሆኗል። ይህ ጭማሪ ካልሆነ ጭማሪ ምንድነው?

ገንዘቡስ ይቅር። ውኃ በሌለበት ቤት ሕፃን የምታሳድግ እናት፣ ልጁ ከሽንት ቤት ወጥቶ እጁን የሚታጠብበት ስታጣ፣ ተቅማጡን በጤና ጣቢያ ደጃፍ ስታስታምም ያንን ወጪ በየትኛው ደረሰኝ ታስመዘግባለች? ጀሪካኑን የምታመላልሰውስ ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ወይ የቤቱ ሴት ልጅ ናት፣ ወይ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ። የተበላሸ ፓምፕ ዋጋ በመጨረሻ የሚወርደው በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ ብልሽት ሁሉ የአከራይ ጥፋት አይደለም። የመስመር ውኃ በፈረቃ ሲሆን ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል አከራይና ተከራይ አብረው ይቸገራሉ፤ ተጠያቂውም ውኃውን ወይም መብራቱን የሚያቀርበው የመንግሥት ድርጅት ነው። ተከራይ ጨርቅና ፕላስቲክ ጥሎ የፍሳሽ መስመሩን ቢደፍን ደግሞ ዕዳው የተከራይ ነው። ነገር ግን ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ በዕድሜ ብዛት ሲዝግ፣ የግድግዳው ውስጥ ሽቦ ሲቃጠል፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ከባለቤቱ በቀር ማን ይጠየቃል? የእኛ ጣጣ ሦስቱን አንድ ላይ ቀላቅለን «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» ማለታችን ነው። በዘመኑ ላይ የተሳበበ ጥፋት ባለቤት የለውም።

ይህን ልዩነት እኔ ዛሬ አልፈጠርኩትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ፣ በተለይም ከቁጥር 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ሲደነግግ፣ ቤቱን ለተከራየበት ጉዳይ በሚበጅ ሁኔታ የመጠበቅን ግዴታ በአከራይ ላይ ጥሏል። ጥቃቅኑን ጥገና ለተከራይ ሰጥቷል። በእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣውን ግን ተከራይ አይሸከምም። ሕጉ ከተጻፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ የስንቱ ተከራይ ጆሮ ደርሷል? ቢደርስስ፣ ለአንድ ቧንቧ ብሎ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ተከራይ ቀጠሮው ሳይደርስ ዕቃው ደጅ ይወጣል።

እኔ ተከራይቼ በኖርኩበት አንድ ግቢ ስድስት አባወራ በአንድ የመብራት ቆጣሪ እንጠቀም ነበር። ጭነቱ ሲበዛ መብራቱ ይጠፋል። ጎረቤቴ አንድ ቀን «እትዬ፣ መስመሩ እኮ አልቻለም፤ ቢታይልን» አለቻቸው። መልሳቸው «ምጣድ አትጣዱ ብዬ የለም እንዴ? ካልተመቸሽ ደግሞ ልጄ፣ ቤቱ ፈላጊው ብዙ ነው» የሚል ነበር። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለበዓል ድፎ ዳቦ ይልኩልን ነበር። ነገር ግን ጥገና መጠየቅን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ልማድ ይዟቸዋል። ከዚህ የባሱም አሉ። ተከራይን ማስወጣት ሲፈልጉ ውኃውን ቆልፈው፣ መብራቱን ከሳሎናቸው አጥፍተው «ተበላሽቷል» የሚሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ያለ ፍርድ ማፈናቀል ነው።

ልማዱ ከየት መጣ? መንግሥትም እጁ አለበት። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆነውን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር አስረከበ። የኪራይ ተመኑንም ቀነሰ። ለድኻው እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ኪራዩ ባለበት ሲቆም ጥገናውም አብሮት ቆመ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ የጋራ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ወደ መንገድ ወረደ፤ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ካላስጠገነ በቀር የሚደርስለት አልነበረም። በከተማው ካሉት አከራዮች ሁሉ ትልቁ እንዲህ ሲያደርግ ያየ የግል አከራይ ምን ይማራል? መቀበል የባለቤት፣ መጠገን የነዋሪ መሆኑን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚያሰጋኝም ስለዚሁ ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ልክ እንዲሆን ደነገገ። ደግ አደረገ። ነገር ግን ብሩን ብቻ የሚጠብቅ ቁጥጥር የፊት በሩን ዘግቶ የጓሮውን መክፈት ነው። በቁጥር መጨመር የተከለከለ አከራይ በዝምታ ይጨምራል፤ ፓምፑን ባለማሠራት፣ ጉድጓዱን ባለማስመጠጥ። ከአርባ ዓመት በላይ በቀበሌ ቤቶች ያየነውን በግል ቤቶች እንደግመዋለን ማለት ነው።

በኮንዶሚኒየም ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ የጋራ መጠቀሚያዎችን የመንከባከቡን ሥራ ለባለቤቶች ማኅበር ሰጠ። ጥሩ። ነገር ግን ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር፣ አንዳንዱም ውጭ አገር ይኖራል። የፍሳሹ መስመር ሲፈነዳ ሽታው የሚደርሰው ለተከራዩ ሲሆን፣ በስብሰባው ላይ ድምፅ ያለው ግን ሽታው የማይደርሰው ባለቤት ነው።

«እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረው በዚህችው ኪራይ ነው፤ ከየት አምጥቼ ልጠግን?» የሚሉ እናትና አባት አከራዮች እንዳሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አከራይ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። የፓምፕም የቧንቧም ዋጋ ንሯል። ነገር ግን ቤት ማከራየት ሥራ ነው። ባለ ታክሲ ጎማው አልቆ «ተሳፋሪ ያሠራው» አይልም። ከሚገባው ኪራይ ጥቂቱ የቤቱ ድርሻ መሆኑን አውቆ ለጥገና ማስቀመጥ የባለቤትነት ሌላው ፊት ነው። አከራይም በበኩሉ የተከራዩን ጥፋት ከተከራዩ የማስከፈል መብቱ ሊከበርለት ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚመዘገበው ውል ላይ ከብሩ መጠን ጎን የውኃው፣ የመብራቱና የሽንት ቤቱ ሁኔታ፣ ቤቱ በተረከበበት ዕለት እንደነበረው ይጻፍ። ማን ምን እንደሚጠግንና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠግን ይወሰን። ቀኑ ካለፈ ተከራይ አሠርቶ በደረሰኝ ከኪራዩ እንዲያስቀንስ፣ ውኃ ወይም መብራት በባለቤቱ ቸልታ ለጠፋባቸው ቀኖች ኪራዩ እንዲቀንስ በግልጽ ይጻፍ። ተከራይን ለማስወጣት ብሎ ውኃ የቆለፈ ይቀጣ። ክርክሩም ዓመት ሳይቆጥር በወረዳ ደረጃ ይታይ። የመንግሥት ቤት የሚያከራየውም አካል በዚሁ ሕግ ይዳኝ፤ አርአያ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እኛ ተከራዮችም ብንሆን ቤት ልናይ ስንሄድ ግድግዳ አይተን አንመለስ። ቧንቧውን እንክፈት፣ ማብሪያ ማጥፊያውን እንሞክር፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ እንጠይቅ፤ ያየነውንም በወረቀት እናስፍር። «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ውኃው ይወርዳል ወይ? ካልወረደስ ማን ያሠራል?» ማለት ነውር አይደለም።